ውል የለንም

አስከሬኑን ያገኙት በጠዋት ሩዝ ሊያርሙ የወጡ ሴቶች ናቸው። ቁሐር ሚካኤል ላይ መኪና የሚሄድበት መንገድ አንድ ሰፊ የውሃ መውረጃ ቦይ ጋ ሲደርስ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ እስከ ጣና ድረስ ማሳው ሁሉ ውሃ ተኝቶበታል። ሰውየው ቦዩ ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ፣ ፊቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሴቶቹ መጀመሪያ የሰከረ መስሏቸው ተጣሩ። ከዚያ አንዷ ጠጋ ብላ ሸሚዙን አወቀችው።

«ኧረ ባየህ ነው!» ብላ ጮኸች።

ኢንስፔክተር ፅጌ ከወረታ ስትደርስ ቦዩ ግራና ቀኝ በሰው ተሞልቷል። ፅጌ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ወደ ወረታ ፖሊስ ከተዛወረች ሁለተኛ ክረምቷ ቢሆንም ከፎገራ ሜዳ ጋር ገና አልተላመደችም። ደጋ ላይ ያደገ ሰው መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲንሸራተት አይወድም። ሰዉን ራቅ አስደርጋ ወደ ቦዩ ወረደች፤ ከሁለት ፖሊሶች ጋር ሆና አስከሬኑን በጀርባው አስተኛችው።

ሟቹ ወጣት ነው፤ ሠላሳውን ቢያልፍ በትንሽ ነው። አንገቱን ዙሪያውን የከበበ ጠባብና የጠቆረ ሰንበር አለ። የቀኝ እጁ ጣቶች አብጠዋል። የግራ ጆሮው ውስጥና የሸሚዙ ስፌት ላይ ደግሞ ቢጫ ነገር ተጣብቋል። በጣቷ አሽታ አየችው፤ የሩዝ ዕብቅ ነው።

ቀና ብላ ማሳውን አየች። ነሐሴ ነው፤ ሩዙ አረንጓዴ ነው፤ ፍሬም አልያዘም። ዕብቅ የሚመጣው ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ወደ መፈልፈያ ከገባ ሩዝ ነው። ከዕብቁ ጥቂት አንሥታ በመሐረቧ ቋጠረችው።

«ምን ትፈልጊያለሽ እዚያ?» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። የሟቹ ታላቅ ወንድም ኃይለ ሚካኤል ነበር። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ገዳዩ ያውና! ይኸ ቦይ የማንና የማን ድንበር እንደሆነ ጠይቂ!»

ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ተናገረ። ቦዩ የባየህና የጎረቤቱ የመንግሥቴ የማሳ ድንበር ነው። ባለፈው ሳምንት የመንግሥቴ ከብቶች የባየህ ሩዝ ውስጥ ገብተው ሁለቱ ሊደባደቡ ሲሉ ሰው ገላገላቸው። ያን ጊዜ መንግሥቴ «አንድ ቀን እዚሁ ቦይ ውስጥ እከትሃለሁ» ማለቱን የሰማ ብዙ ነው።

መንግሥቴን ቤቱ አገኙት። ሱሪው እስከ ጭኑ ጭቃ ነው። ትናንት የት እንደዋለና መቼ እንደገባ ፅጌ ብትጠይቀው ዝም አለ። ከኋላዋ ሰዉ ድንጋይ ማንሣት ጀምሯል። እጁን ይዛ ወደ መኪናው አስገባችው። ስትይዘው ጠርጥራው ነው፤ እዚያው ብትተወውም እንደማያድር አውቃለች።

*

ጣቢያው ውስጥ መንግሥቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ረጅም፣ እጀ ሰፊ ሰው ነው።

«አቶ መንግሥቴ፣ ከመጠየቄ በፊት የምነግርዎ አለ» አለች ፅጌ። «የተያዙት ባየህን ገድለዋል በሚል ጥርጣሬ ነው። መናገር ግዴታ የለብዎም። የተናገሩት ግን ይጻፋል፤ ፍርድ ቤትም ማስረጃ ሊሆንብዎ ይችላል። በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት አቀርብዎታለሁ። ጠበቃ ማማከር ይችላሉ፤ ቤተሰብም ገብቶ ሊጠይቅዎ ይችላል። የሚመታዎ ወይም የሚያስፈራራዎ ቢኖር ለእኔም ለዳኛውም ይንገሩ።»

መንግሥቴ ያሾፈችበት መስሎት ፊቷን መረመረ።

«ዝም ካልሁ ገድሏል አትሉም?»

«አንልም። ዝምታ ማስረጃ አይሆንም።»

«እንግዲያ አልገደልሁም። ሌላውን ዝም ብያለሁ።»



የጣቢያው አዛዥ በኮሪደሩ ይጠብቃት ነበር። «ዛቻ አለ፣ ጠብ አለ፣ ቦታው ድንበሩ ነው፣ ሰውየው ጭቃ በጭቃ ነው። ምን ቀረሽ?»

«ዕብቁ» አለች ፅጌ።

«የፎገራ ሰው ላይ ዕብቅ ቢገኝ ምን ይደንቃል?»

ፅጌ ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታት፤ ካፖርቷን አንሥታ ወጣች።

*

አስከሬኑን የመረመረችው ሐኪም ዶክተር ምኞት ጓንቷን ሳታወልቅ በር ላይ ተቀበለቻት።

«ሳንባው ውስጥ ጭቃና ውሃ አለ» አለች። «ቦዩ ውስጥ ሲገባ ይተነፍስ ነበር። የሞተው እዚያ ነው፤ ትናንት ሲመሽ።»

«አንገቱስ?»

«ታንቋል። በጨርቅ ነው፣ በገመድ አይደለም። አረንጓዴ ክር ቆዳው ላይ ተጣብቋል። ግን በዚያ አልሞተም፤ ራሱን ስቶ ነበር ማለት ይቻላል። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶችም ተሰብረዋል።»

«ሲከላከል?»

«ሊሆን ይችላል። ጨርቁን ለማስለቀቅ ሲታገልም ሊሆን ይችላል። በጣም ኃይለኛ ጉልበት ነው የያዘው።»

ፅጌ የመንግሥቴን ሰፊ እጆች አስታወሰች። አንቆ፣ አድክሞ፣ ውሃ ውስጥ ደፈቀው። ነገሩ ተገጣጥሞ ታያት፤ መሐረቧን ፈትታ ግን ዕብቁን እንደገና አየችው።

*

ከቀብር በኋላ ወደ ሟቹ ቤት ሄደች። የባየህ ሚስት ገላነሽ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ትንሿ ልጇ ጭኗ ላይ ተኝታለች። ፅጌ አጠገቧ ቁጭ አለች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ እታለም። ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ልጠይቅሽ። ትናንት ምን ለብሶ ነበር?»

«ታጥቦ የደረቀ ልብስ። እኔ ነኝ ያጠብሁት» አለች ገላነሽ፤ ድምፅዋ ከለቅሶ ብዛት ተዘግቷል። «ጾመ ፍልሰታ ሲፈታ በንጹሕ ልብስ ቤተ ክርስቲያን ልሳም ብሎ። ገላውን ታጠበ፣ ለበሰ፣ ሚካኤል ሄደን ተመለስን።»

«ከዚያ?»

«ከመንገዱ ላይ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። ‹ወረታ ደርሼ መጣሁ› ብሎኝ ወጣ። መኪናውን አላየሁትም። ማታ ሲቀር ዘመድ ቤት አደረ ብየ ነው።»

«አንገቱ ላይ የጠመጠመው ነገር ነበር?»

«ፎጣው። አረንጓዴው። ከአንገቱ አይለይም።»

ፎጣው ቦዩ ውስጥ አልተገኘም። ፅጌ ሌላውንም በልቧ ያዘች። ልብሱ የታጠበ፣ ገላው የታጠበ ሰው ጆሮው ውስጥ ዕብቅ የገባው ከቤተ ክርስቲያን ከተመለሰ በኋላ ነው ማለት ነው። መንግሥቴ ደግሞ መኪና የለውም።

«ወረታ ምን ይሠራ ነበር?»

«አቶ አማረ ዘንድ ነው የሚሠራ፣ ሩዝ መፈልፈያው። ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ።»

ገላነሽ ጠጋ አለች። «እታለም፣ አሁን እሱ የለም። መሬቱን ይነጥቁኛል?»

«የይዞታ ደብተሩ ላይ ፎቶሽ አለ?»

«ከእሱ ጎን አለ።»

«እንግዲያ መሬቱ የአንቺም ነው። ባል ሞተ ተብሎ ሚስት ከይዞታዋ አትነቀልም። የሚመጣብሽ ካለ ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ፍርድ ቤትም አለልሽ።»

ኃይለ ሚካኤል ደጁ ላይ ቆሞ ይሰማ ኖሯል። «ስለ ልብስና ስለ ደብተር ታወሪያለሽ! የወንድሜ ገዳይ እናንተ ዘንድ ተቀምጦ ይበላል። ብትለቁት ከደጃችሁ ነው የምቀበለው!»

«ይህን ስትል ሰምቼሃለሁ» አለች ፅጌ ብድግ ብላ። «ዛቻም በሕግ ያስጠይቃል። ዛሬ ሐዘንተኛ ስለሆንህ አልፌዋለሁ።»

«ሐዘኔን አትለፊው። ገዳዩንም እንዳታልፊው» አለ፤ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

*

የአቶ አማረ የሩዝ መፈልፈያ ከዋናው አስፋልት ዳር ነው። አማረ ከጎንደር መጥቶ ወረታ የከበረ ነጋዴ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥራም በዕድርም ስሙ ይነሣል። ፅጌን ሲያይ ወንበር በራሱ እጅ ጠረገላት። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማሽን ወለሉ መካከል ያጓራል። የማሽኑ ኃላፊ ክንዴ የሚባል ጥቁር ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ ሰው ነው። አንዴ አያትና ጀርባውን ሰጣት።

«ባየህን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?» አለች።

«ምስኪን! ነፍሱን ይማር» አለ አማረ። «እንግዲህ ኢንስፔክተር፣ ባየህ የእኔ ሠራተኛ አይደለም። አልፎ አልፎ ጆንያ ያወርድልናል፣ የሻይ እንሰጠዋለን። ውል የለንም።»

«መቼ ነው ያዩት?»

«ከበዓሉ በፊት። በዓሉ ዕለትማ ዘግተን ነበር። በእመቤታችን ቀን ማን ይሠራል? ደግሞ መብራትም አልነበረም። እናንተስ ዘንድ ጠፍቶ አልዋለም?»

እውነቱን ነው፤ ትናንት ከተማው በሙሉ ያለ መብራት ነበር። ጣቢያው ውስጥ ሻማ አብርተው ነው የዋሉት። ኤሌክትሪክ ከሌለ ይህ ማሽን አይዞርም፤ ካልዞረ ዕብቅ የለም።

ስትወጣ ክንዴ በሩ ላይ ነበር። ግራ መዳፉ በጨርቅ ታስሯል።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ብረት ቆርጦኝ ነው።» ከዚያ ዓይኑን ሳያነሣ «ቀብሩ ተፈጸመ?» አላት።

«ተፈጸመ።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ውስጥ ገባ።

ፅጌ አስፋልቱን ይዛ ስትሄድ ከአማረ ንግግር አንድ ነገር አልለቅ አላት። የጠየቀችው መቼ እንዳየው ነው። ሠራተኛ ነው አይደለም አላለችውም፤ ስለ ውልም አላነሣችም። ሰው ያልተጠየቀውን የሚመልሰው ለምንድን ነው?

*

በማግሥቱ ጠዋት መንግሥቴ ያለበት ክፍል ስትገባ ሽታው ቀድሞ አፍንጫዋ ውስጥ ገባ። ትናንት ክፍሉ በሰው ተጨናንቆ ስለነበር ልብ አላለችውም።

«አቶ መንግሥቴ፣ ልብስዎ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

ሰውየው ደነገጠ።

«መናገር ግዴታ የለብዎም፤ እሱን ነግሬዎታለሁ። ግን የእኔን ግምት ይስሙ። በዓሉ ዕለት ርብ ወንዝ ከጣና የሚገናኝበት ላይ መረብ ጥለው ነበር።»

መንግሥቴ እጁን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተ። «ዓሣው እንቁላል ሊጥል ሽቅብ በሚወጣበት ወቅት ማጥመድ ክልክል ነው ተብሎ በስብሰባ ተነግሮናል። ወጣሁ ብል መረቤም ታንኳየም ይሄዳል። እኔም እታሰራለሁ።»

«ለመረብ ብለው የነፍስ ግድያ ይሸከማሉ?»

«የመረቡን ሠርቸዋለሁ፤ ስለዚህ ፈራሁት። ግድያውን አልሠራሁትም፤ እሱ በራሱ የሚጠፋ መሰለኝ።»

ፅጌ ከሁለት ቀን ወዲህ መጀመሪያ ሳቅ መጣባት፤ ዋጠችው። «በራሱ አይጠፋም። የመረቡን ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልሆንም፤ ለሚመለከተው ይነገራል፤ ከዚህኛው ጋር ግን አይተካከልም። አብሮዎ የነበረው ማን ነው?»

«ገብረማርያም። ታንኳው የሁለታችን ነው።»

ገብረማርያምን ጣና ዳር አገኘችው። ፖሊስ ሲያይ መረቡን በዳሩ ደንገል ሣር ውስጥ ሊደብቅ ሞከረ፤ ነገሩ የነፍስ ጉዳይ መሆኑን ሲሰማ ግን ተቀምጦ ሁሉንም ተናገረ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ እስኪመሽ ድረስ ከመንግሥቴ ጋር ውሃ ላይ ነበሩ። በጀንበር መጥለቂያ ዓሣውን የተረከቧቸው ሁለት ነጋዴ ሴቶችም ሐሙሲት ገበያ ላይ ተገኙ፤ ያንኑ ለየብቻ መሰከሩ። ዝናቡ እስኪያባራ ሁሉም እዚያው ጣና ዳር ተጠልለው ነበር። መንግሥቴ ባየህ በሞተበት ሰዓት ቁሐር ሚካኤል ሊደርስ አይችልም።

«ታዲያ ማን ነው?» አለ አዛዡ ሪፖርቷን ሲሰማ። «ነገ ጠዋት ዳኛ ፊት ምን ልትዪ ነው?»

«ሰውየው እንዳልሆነ።»

«ወንድምየውስ?» ብሎ በመስኮቱ አመለከታት። ኃይለ ሚካኤል ከዘመዶቹ ጋር ከጣቢያው በር ማዶ ዝናብ ውስጥ ቆሟል። ከጠዋት ጀምሮ አልተነቃነቀም። «መንግሥቴ ከዚህ ከወጣ ሁለት ቀን አይኖርም። ከዚያ የመንግሥቴ ልጆች ይነሣሉ። አንድ ሬሳ ሦስት ይሆናል።»

አምፖሉ ብልጭ አለና ጠፋ። መብራት ሄደ።

ፅጌ ጨለም ያለው ክፍል ውስጥ መቆም አልቻለችም። ዝናቡ ውስጥ ወጣች፤ ወዴት እንደምትሄድ ሳታስብ አስፋልቱን ያዘች። የከተማው ማሽኖች ሁሉ ጸጥ ብለዋል። የእንጨት መሰንጠቂያው ቆሟል፤ የበያጁ ቤት ዝም ብሏል። አንድ ቦታ ላይ ግን የሚንኳኳ ከባድ ድምፅ ይሰማ ነበር። ተከትላው ሄደች። ድምፁ የአማረ መፈልፈያ በር ላይ አደረሳት።

መብራት የለም፤ መፈልፈያው ግን ይሠራል።

*

ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ማሽን ቆሟል። ድምፁ የሚመጣው ከጓሮ ነው። ከጆንያ ክምር ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል አሮጌ የናፍጣ ሞተር እየተንቀጠቀጠ፣ ቺንጋ በሚሉት ረጅም የጎማ ቀበቶ አንድ ትንሽ መፈልፈያ ያዞራል። አየሩ በዕብቅ ደፍርሷል። ክንዴ ሞተሩ ራስጌ ቆሟል፤ ሲያያት አልሸሸም።

«አጥፋው!» ብላ ጮኸች።

አጠፋው። ጸጥታው ጆሮ ያማል።

ሞተሩ አሮጌ፣ ግድግዳው በጥላሸት የጠቆረ፣ ወለሉ በዘይት የተበላ ነው። ቺንጋውን የሸፈነው የእንጨት ክዳን ግን ነጭ ነው፤ የመጋዙ ዱቄት ገና ከሥሩ አልተጠረገም።

«ይህን ክዳን መቼ ሠራችሁት?»

ፅጌ ክዳኑን አነሣችው። ቺንጋው የተጠለፈበት የብረት መዘውር ዘንግ በወፍራም ጥቁር ግራሶ ተለብጧል። በኪስ ቢላዋዋ ጫፍ ፋቀችው። ከግራሶው ሥር ተጠቅልሎ እንደ ድርና ማግ የጠበቀ ክር ወጣ። መሐረቧ ላይ አድርጋ በደጁ ብርሃን አየችው። አረንጓዴ ነው።

ክንዴ ዕብቅ ክምሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ስማኝ ክንዴ» አለች። «አሁን አንተም ተጠርጣሪ ነህ። መናገር አትገደድም። ከተናገርህ ይጻፋል።»

«ልናገር» አለ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል።»

ተናገረ። በበዓሉ ዕለት የአንድ ደንበኛ የጭነት መኪና በር ላይ ቆሞ ነበር፤ አማረ ዛሬውኑ ተጭኖ ይሂድ አለ። ባየህን በፒክአፕ ሄዶ ከቁሐር ሚካኤል ያመጣው ክንዴ ነው። መብራት ስለሌለ ይህን ሞተር አስነሡ።

«ቺንጋው ክዳን አልነበረውም። ስንት ጊዜ ብየዋለሁ! ‹ሰው ዓይን አለው፣ ይጠንቀቅ› ነው የሚለኝ። ቺንጋው ሲንሸራተት ባየህ ሊያቃና ጎንበስ አለ። ፎጣው ከአንገቱ ወረደና ዘንጉ ያዘው። ጠቀለለው። በእጁ ሊያላቅቅ ታገለ… ሞተሩን እስካጠፋ ድረስ…» መዳፉን አሳያት። «ጨርቁን በቢላዋ ስቆርጥ ነው ይህን የቆረጥሁት።»

«ከዚያስ?»

«አልተንቀሳቀሰም። ጤና ጣቢያ እንውሰደው አልሁ። አቶ አማረ ልቡ ላይ እጁን አድርጎ ‹ሞቷል፤ ለሞተ ሰው ምን ያደርጉለታል?› አለ። ‹ከወሰድነው ቤቱ ይታሸጋል፤ ሞተሩን ያስነሣህ አንተ ነህ፣ አንተም ትታሰራለህ። ውል የለንም፤ ዛሬ እዚህ አልመጣም› አለኝ። ፒክአፑ ላይ አስተኝተን ጆንያ ደረብንበት። ሰው ከመንገድ እስኪገባ ቆየን። ዝናቡ ሲወርድ ወደ ቤቱ አቅጣጫ ወሰድሁት፤ ሲሄድ አንሸራትቶት ውሃ የወሰደው ይመስላል ተባብለን። መንግሥቴን አስበን አይደለም እታለም! መንገዱ እዚያ ስላለቀ ነው።»

ክንዴ ፊቱን በቱታው እጅጌ ጠረገ።

«ሳወርደው ሰውነቱ ይሞቅ ነበር። ከጆንያው የተነሣ ነው ብየ…»

ፅጌ ክሩን በመሐረቧ ቋጠረችና ክንዴን ይዛ ወጣች።

*

አማረ ቤቱ ምሳ ላይ ተገኘ። መብቱን ነገረችው፤ ክንዴ ያለውንም ነገረችው። እጁን ታጥቦ፣ በፎጣ አድርቆ፣ ተረጋግቶ ተቀመጠ።

«አደጋ ነው» አለ። «ሰው አልገደልሁም። ሬሳውን ማንሣቴ ስሕተት ነው፤ አምናለሁ። ቤተሰቡን እረዳለሁ። ግን የእኔ ሠራተኛ አይደለም፤ የተፈራረምነው…»

«አቶ አማረ፣ ሰው ጠርተው፣ ሥራ አዘው፣ ደመወዝ ከከፈሉ ውል አለ። ባይጻፍም አለ። ወረቀቱ ባለመኖሩ የሚቀጣ ካለ አሠሪው እንጂ ሠራተኛው አይደለም።»

«አልቀጠርሁትም እያልሁ?»

«ለዓመታት ሲሠራ ያየው ሰው ሁሉ ምስክር ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ደግሞ አሠሪ ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ካሳ ይከፍላል። የእርስዎ ቺንጋ ክዳን አልነበረውም፤ ክዳን ማድረግ ግዴታዎ ነበር። ያም ሆኖ በዚያ ቀን ሐኪም ዘንድ ወስደውት፣ ለፖሊስ ነግረው ቢሆን፣ የሚጠየቁት ለአደጋ ነበር። ከባድ ነው፤ ግን ሰው የሚወጣው ነገር ነው።»

«ይዘጉብኛል ብየ ፈራሁ። አሥራ ምናምን ዓመት የለፋሁበት ቤት ነው። ለሞተ ሰው…»

«አልሞተም ነበር።»

አማረ ቀና ብሎ አያት።

«ሳንባው በቦዩ ውሃ ተሞልቷል። የሞተ ሰው አይተነፍስም። ጆንያ ሥር ሆኖ መምሸቱን ሲጠብቁ በሕይወት ነበር። ክንዴ ሲያወርደውም በሕይወት ነበር። ጤና ጣቢያው መፈልፈያዎ በር ላይ ለቆመ ሰው ይታያል፣ አቶ አማረ።»

ሰውየው ልቡን ያዳመጠበትን እጁን ገልብጦ አየው። ከዚያ በኋላ ስለ ውል አላነሣም። ተነሥቶ ከፅጌ ጋር ወጣ።

*

ገላነሽ ጣቢያ የመጣችው በዚያው ከሰዓት ነው። ኃይለ ሚካኤል ደጅ ቀረ፤ አማረና ክንዴ መያዛቸውን ሰምቷል፤ እንዴት እንደሆነ ግን ገና አልተነገረውም። መንግሥቴ አልተለቀቀም፤ ፅጌ ደጁ እስኪበርድ እዚያው ቢቆይ ይሻላል ብትለው እሺ ብሏል።

ፅጌ ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። ስለ ፎጣው፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ፒክአፑ። ገላነሽ ሳታቋርጥ ሰማች።

«አንድ ነገር ዘለልሽ» አለች ሲያበቃ።

«ምን?»

«ውሃው ውስጥ ሲገባ ነፍስ ነበረው?»

ፅጌ ልትሸሽ ፈለገች። ግን የሐኪሟ ውጤት የሚስቲቱም ነው፤ ከእሷ የመደበቅ መብት የላትም።

«ነበረው» አለች። «ራሱን ስቶ ነበር፤ አላወቀም። ግን ነበረው።»

ገላነሽ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከትታ ነከሰችው። ፅጌ ውሃ አቀረበችላት፤ አልጠጣችም።

«ይህን ለኃይለ ሚካኤል አትንገሪው» አለች በመጨረሻ።

«እኔ ባልነግረው ፍርድ ቤት ይሰማዋል፤ ሰው ይነግረዋል።»

«እንግዲያ እኔ ልንገረው። ከሌላ ሰው ከሰማ የአማረን ልጆች ይፈልጋል።» ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «ካሳው የሚጠየቀው የት ነው?»

«ፍርድ ቤት ነው፤ ማመልከቻውን እናጽፋለን። አንቺም ልጆቹም መብት አላችሁ። የወንጀሉ ክስ ለብቻው ይሄዳል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም። አማረ ሠራተኛዬ አይደለም ማለቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ባየህ እዚያ ሲሠራ የኖረ መሆኑን የሚያውቅ ምስክር ያስፈልግሻል።»

ገላነሽ ወጣች። ፅጌ ከመስኮቱ አየቻት። ዘመዶቹን በእጇ ገለል አድርጋ ኃይለ ሚካኤል ፊት ቆመች፤ ቀና ብላ፣ በቀስታ ተናገረችው። ሰውየው እንደሚታረድ በሬ ጮኾ ወደ አማረ ቤት አቅጣጫ ዞረ። ፅጌ ከክፍሉ ሮጣ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ፖሊሶችም ተከተሏት።

ከበሩ ሲደርሱ ኃይለ ሚካኤል አልሄደም። ገላነሽ በሁለት እጇ ጋቢውን ጨብጣ ይዛዋለች። ጭቃው ውስጥ ጎትቷት ነበር፤ ነጠላዋ ወድቋል፤ አልለቀቀችም። «ልጆቹን ማን ያሳድጋል? አንተ ወህኒ ገብተህ?» እያለች ትጮኻለች። ጉልበቱ ከእሷ እጅ ለመላቀቅ ይበቃ ነበር። ግን ቆመ። ከዚያ ዝናብ ውስጥ ቁጭ ብሎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ገላነሽ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። ቀጥሎ ክንዱን ይዛ አስነሣችውና፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ የጣቢያውን ደረጃ አስወጣችው። ፅጌ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ከባየህ ጋር መጀመሪያ ወደዚያ መፈልፈያ የሄደው እሱ ነው» አለች። «አብረው ጆንያ ተሸክመዋል። ያልሽኝ ምስክር ይኸው፤ ቃሉን ተቀበይው።»